በዲስክ ስለሚደርሱን ፊልሞች
(በተማሪዎች ማኅበር የዓርብ ማታ ስብሰባ ላይ፥ ከእንሴኖ በመጡ ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)




የማኅበራችን ጸሐፊ በዛሬው ማታ እንድንናገር በጠየቀን ጊዜ የመረጥነው አርእስት አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሳያሰኝ አልቀረም። ባለፈው ጊዜ ስለ አፈር መሸርሸር፥ ከዚያም በፊት ስለ ብድርና ቁጠባ ማኅበራት ንግግር በተሰማበት መድረክ ላይ ቆሞ ስለ ሲኒማ፥ ያውም በቪዲዮ ቤት ስለሚታየው ሲኒማ ማውራት ሥራ የፈታ ሰው አሳብ ይመስላል። ይኽ አስተያየት አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የሲኒማ ቤት በተከፈተ ጊዜ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት እንደ ነበረ ታውቃላችሁ። በእንሴኖ ደግሞ የእኛ ወላጆች ቪዲዮ ቤቱን ሰይጣን ባይሉትም «የቦዘኔ ቤት» ይሉት ነበር፤ ለልጅ ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንደሚያጓጓ ለእናንተ እንተወዋለን።

ልንናገር የምንፈልገው ስለ አንድ ነገር ነው። ይኸውም፥ የቆዩና ያልተለመዱ ፊልሞች በካሴት፥ በሲዲ፥ በዲቪዲም ተባዝተው ወደ እኛ ሲደርሱ ማን ይመረምራቸዋል? ማንስ ስለ እነርሱ ይጽፋል? የሚል ነው።

እንሴኖን የማያውቅ ሰው በመካከላችን ይኖራልና ጥቂት እንበል። እንሴኖ ከቡታጅራ ብዙ ሳትርቅ በመስቃን ምድር ያለች፥ በገበያ ቀን በበርበሬ ጆንያ የምትጨናነቅ፥ መስቃንኛውም ማረቆኛውም ስልጥኛውም አማርኛውም በአንድ ደጃፍ ላይ የሚሰማባት ከተማ ናት። እኛ ባደግንበት ዘመን የሲኒማ አዳራሽ አልነበረባትም። የነበራት ቪዲዮ ቤት ነው። ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፥ መስኮቱ በጥቁር ላስቲክ የተጋረደ፥ በውስጡ ስምንት አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፥ ከፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ የተቀመጠበት ክፍል ነበረ። መግቢያው አንድ ብር፤ ቆሞ ለሚያይ ሃምሳ ሳንቲም። በደጃፉ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የሚጻፈው የፊልሙ ስም አልነበረም። «8 ሰዓት ሕንድ፤ 10 ሰዓት ካራቴ፤ ማታ አማርኛ» ይል ነበር እንጂ። ፊልሙን ማን አዘጋጀው፥ በየትኛው ዓመት ተሠራ፥ እነማን ተጫወቱበት ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ ቢጠይቅም የሚመልስለት አያገኝም። ከዚህም በላይ ከውጭ አገር የሚመጣው ፊልም አብዛኛውን ጊዜ ትርጉም ነበረ። ተርጓሚው የሁሉንም ድምፅ፥ የጀግናውንም የወንበዴውንም የሙሽራዪቱንም፥ ብቻውን ይናገርላቸዋል፤ ሲያሻው ቀልድ ይጨምራል፤ ሲደክመው ዝም ይላል። አንድ የሕንድ አባት በልጁ ሞት እያለቀሰ ሳለ ተርጓሚው ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲያማርር ሰምተን ቤቱ በሙሉ በሳቅ የፈረሰበትን ቀን አንረሳውም። እንግዲህ ያየነው የሕንዱን ፊልም ነው ወይስ የተርጓሚውን? ይኽ የቀልድ ጥያቄ አይደለም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የአማርኛው ፊልም የሚመጣው በቪሲዲ ነበር። ቪሲዲ የሚባለው ነገር በአንዱ ዲስክ ላይ ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ አንድ ሙሉ ፊልም ለሁለት ይከፈላል። ሲዲ አንድ፥ ሲዲ ሁለት ይባላል። ሁለተኛው ዲስክ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ሲዞር ይጫጫራል፥ ይጠፋል፥ ወይም ተከራይቶ የወሰደው ሰው አዲስ አበባ ይሄድበታል። በዚህ ምክንያት በእንሴኖ ብዙ የአማርኛ ፊልሞች የሚታወቁት እስከ ግማሻቸው ነው። ልጅቷ ደብዳቤውን ከፍታ ሳታነብ ሥዕሉ ይደርቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እኛው በመንገድ ላይ እንፈጥረዋለን። ከእኛ መካከል አንዱ ለአንድ ፊልም ሦስት ልዩ ልዩ መጨረሻ አዘጋጅቶ በየሰፈሩ ሲያወራ ቆይቷል፤ ዛሬ የሕግ ተማሪ ነው።

እነሆ፥ ሒስ የሚባለው ነገር የሚያስፈልገው ከዚህ ላይ ነው። በአዳራሽ ለሚታይ ፊልም ሒስ የሚጽፍ ሰው ሥራው አንድ ነው፤ የታሪኩን አካሄድ፥ የተዋናዮቹን ችሎታ፥ የሥዕሉን አነሣስ መመርመር። በዲስክ ስለመጣ ፊልም የሚጽፍ ግን ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛ ፊልሙን ይመረምራል፤ ሁለተኛ ቅጂውን ይመረምራል። ቅጂው ሙሉ ነው ወይስ የተቆረጠ? ድምፁ የራሱ ነው ወይስ የተርጓሚ? ሥዕሉ የጠቆረው ባለሙያው ስላጠቆረው ነው ወይስ አምስት ጊዜ ስለ ተገለበጠ? ይኽን ሳይለይ የሚጽፍ ሰው የቀጂውን ጥፋት በሠሪው ላይ ይጭናል።

ምሳሌ እንስጥ። ባለፈው ዓመት በመኝታ ክፍላችን ውስጥ የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ከማን እንደ ተቀዳ በማይታወቅ ዲስክ አይተን ነበር። አንድ ወዳጃችን ፊልሙ ሳያልቅ ተነሥቶ፥ «ይኽ ሁሉ ሰው የሚያመሰግነው ምኑን ነው? ባዶ ሜዳ እንጂ የሚታይ ነገር የለውም» ብሎ ሄደ። እኛ ግን ጥቂት ቆይተን የተሻለ ቅጂ አገኘንና እንደ ገና አየነው። ባዶ ሜዳ ያለው ቦታ ላይ ገበሬዎቹ ነበሩ! ከሩቅ የተነሣ ሥዕል በመሆኑ፥ በሬውና ገበሬው እንደ ጉንዳን አንሰው በሰፊው መሬት ላይ ሲንቀሳቀሱ ይታያሉ። በቪሲዲ አንዱ ሥዕል የሚሠራው ከአንድ መቶ ሺህ ጥቂት በሚበልጡ ነጥቦች ነው፤ ብሉ ሬይ በሚባለው ዲስክ ግን ከሁለት ሚሊዮን በላይ ናቸው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቅጂ ገበሬዎቹ ከነጥብ አንሰው ጠፍተው ነበር። ፊልሙ የሚናገረው ግን በትክክል ይኽንኑ ነው፤ መሬቱ ሰፊ፥ የሚያርሰው ሰው ትንሽ፥ ባለመሬቱ ደግሞ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሁሉን የሚቈጣጠር መሆኑን። ቅጂው የበላው ፍሬ ነገሩን ነው።

ስለዚሁ ፊልም ጥቂት ብንቆይ ቅር እንደማይላችሁ ተስፋ አለን። ኃይሌ ገሪማ በጎንደር ተወልደው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ወደ አሜሪካ የሄዱ፥ በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ሥራ የተማሩ ሰው ናቸው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ1976 ለሕዝብ ሲቀርብ ገና ወጣት ነበሩ፤ ፊልሙን ያነሡት ደግሞ የዘውዱ መንግሥት በወደቀበት ሰሞን፥ ወደ አገራቸው መጥተው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ የሚነገርበት አማርኛ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያኽል ይፈጃል። ተዋናዮቹ በቲያትር ቤት የሠለጠኑ ስላልሆኑ ሲራመዱ እንደሚራመድ ሰው፥ ሲደክማቸው እንደሚደክመው ሰው ናቸው። ታሪኩ አንድ የጭሰኛ ቤተ ሰብ ከማለዳ እስከ ማታ ሲደክም ያሳያል። በጎርፍ ላም ልታድን ስትል የምትሞተው ልጅ አለች። መሬቱን የተቀማና እንደ እብድ የሚታይ ከበበ የሚባል የቀድሞ ዘማችም አለ፤ በመጨረሻም ባለመሬቱን የሚገድለው እርሱ ነው።

የምናመሰግነው ለምንድር ነው? ፊልሙ አይቸኩልም። ማጭድ ሲሳል፥ ውሃ ሲቀዳ፥ ጭሰኛው በባለመሬቱ ፊት ሲያጐነብስ እስኪሰለቸን ድረስ ያሳየናል፤ ድካሙ የገበሬው ብቻ ሳይሆን የተመልካቹም ይሆናል። የምንነቅፈውስ ነገር የለም ወይ? አለ። ከበበ በሚናገርበት ጊዜ አንዳንድ ቦታ ላይ ሰውዬው ሳይሆን ደራሲው የሚናገር ይመስላል። ጭሰኛው ባሳየው ዝምታ ያወቅነውን ነገር ከበበ በቃል ይደግምልናል። ይኽን ማለታችን ፊልሙን ማሳነስ አይደለም፤ ትልቅ ሥራን ሳይመረምሩ ማመስገን ግን አለማየት ነው። አንድ ነገር እንጨምር፤ በዕረፍት ጊዜ ፊልሙን በእንሴኖ ለአንድ ሽማግሌ በርበሬ አራሽ አሳይተናቸው ነበር። ሽማግሌው ስለ ከበበም ስለ ባለመሬቱም አንድ ቃል አልተናገሩም። «ያ ላም በዚያ ሰዓት ወደዚያ ወንዝ መሄድ አልነበረባትም፤ እረኛው ማን ነበር?» ብለው ጠየቁ። መምህራኖቻችን ይቅር ይበሉንና፥ ስለዚህ ፊልም ካነበብነው ጽሑፍ ሁሉ ይኽ ጥያቄ በይበልጥ አሳስቦናል። የልጅቷ ሞት የሚመጣው ከላሟ ነውና፤ ላሟም የማን እንደ ሆነች ከጠየቁ ወደ ባለመሬቱ ደጅ ይደርሳሉ።

አሁን ወደ ዲስኩ ነገር እንመለስ። ኃይሌ ገሪማ በ1993 «ሳንኮፋ» የሚባለውን የባርነት ዘመን ፊልም ሠሩ። በአሜሪካ ያሉት ትልልቅ አከፋፋዮች አንቀበልም ባሏቸው ጊዜ ከባለቤታቸው ከሺሪኪያና አይና ጋር ሆነው አዳራሽ እየተከራዩ ከከተማ ወደ ከተማ ፊልሙን ራሳቸው አሳዩ። ከዚያም በ1990ዎቹ ማብቂያ ገደማ በዋሽንግተን ከተማ በጆርጂያ ጎዳና፥ ሲያስተምሩበት በነበረው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፥ በዚያው ፊልም ስም የቪዲዮና የመጽሐፍ መደብር ከፈቱ። ልብ በሉ! አንድ ፊልም ሠሪ የራሱን ቪዲዮ ቤት ከፈተ ማለት ነው። ካሴቱ ከመጽሐፍ ጐን በአንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፥ የሚገዛው ሰው ቡና እየጠጣ ስለ ፊልሙ ይከራከር የሚል አሳብ ነበረበት። «ሳንኮፋ» በ2021 ታድሶ በኔትፍሊክስ ለዓለም ሲቀርብ ብዙ ሰው እንደ አዲስ ፊልም ተቀበለው፤ በዚያ መደብር ደጅ ለሚያልፉት ግን አዲስ አልነበረም። በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘው፥ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ የወሰደው «ጤዛ»ም የእኒሁ ሰው ሥራ መሆኑን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ።

በውጭ አገር ይኽ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ስናይ ቅናት ይይዘናል። በአሜሪካ ክራይቴሪዮን የሚባለው ድርጅት ከ1984 ጀምሮ የታወቁ ፊልሞችን እያደሰ በዲስክ ያወጣል። ከዲስኩ ጋር ስለ ፊልሙ የተጻፈ ሐተታ ይገኛል፤ ሥዕሉ ከየትኛው ኔጋቲቭ እንደ ተገለበጠ ሳይቀር ይነገራል። የሴኔጋሉ የኡስማን ሴምቤን የ1966 ፊልም፥ ስለ አንዲት ጥቁር የቤት ሠራተኛ የሚተርከው፥ በዚህ መልክ ወጥቷል። እኛን ይበልጥ የገረመን ግን ሌላ ነው። ሚጌል ያንሶ የሚባል ስፓኛዊ በ2015 በኢትዮጵያ ውስጥ፥ በአማርኛ፥ ዳንኤል ታደሰ የሚባለውን ተዋናይ ይዞ «ክረምብስ» የተሰኘ ፊልም ሠራ። ዓለም ከጠፋች በኋላ በፍርስራሽ መካከል ስለሚኖር ሰው የሚናገር፥ የፕላስቲክ መጫወቻዎች እንደ ታቦት የሚከበሩበት፥ እጅግ ያልተለመደ ነገር ነው። የእንግሊዙ አሮው ኩባንያ የዚሁን ሰው ቀጣይ ፊልም በብሉ ሬይ ሲያወጣ «ክረምብስ»ን በዚያው ላይ ጨምሮታል። በአውሮፓ ያሉ የእንግዳ ነገር ወዳጆች አይተው ተከራክረውበታል። በእንሴኖ ግን እኛ ካሳየናቸው አራት ልጆች በቀር ያየ ሰው አላጋጠመንም። ከአራቱ ሁለቱ ወደዱት፤ አንደኛው፥ «ዕቃ ሲያልቅ ሁሉ ነገር ውድ ይሆናል፤ ይኽ የገበያ ፊልም ነው» አለ። የነጋዴ ልጅ ነው፤ የተናገረው ግን ትክክለኛ ሒስ ነው።

እንግዲህ በአገራችን ቋንቋ የተሠራውን ፊልም ከእኛ በፊት ሌሎች አይተው፥ ስለ እርሱ ጽፈው፥ በሣጥን አድርገው የሚያስቀምጡት ለምንድር ነው? ገንዘብ ስላላቸው ብቻ አይደለም። ፊልም አይቶ ስለ እርሱ የሚጽፍ አንባቢም ጸሐፊም ስላላቸው ነው። ጽሑፉ ገዢን ያመጣል፤ ገዢው ኔጋቲቩ እንዳይጣል ያደርጋል።

በእኛ ዘንድ የሆነውን ተመልከቱ። በ1957 ዓ.ም. የወጣው «ሂሩት አባቷ ማነው» የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሙሉ ፊልም እየተባለ በየቦታው ይጠራል። በመካከላችን ያየው ማን ነው? ማንም እጁን አላነሣም። በ1974 በአውሮፓ አቆጣጠር የተሠራው የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»ስ? ስሙ ከ2014 ጀምሮ ለፊልም ሽልማት ተሰጥቶ በየዓመቱ ሲጠራ ቆይቷል፤ በዚህ አዳራሽ ግን ሽልማቱን የሚያውቅ እንጂ ፊልሙን የሚያውቅ የለም። ስለ ሰሎሞን በቀለ ወያ «አስቴር» ከመምህራኖቻችን አንዱ በወጣትነታቸው በአዳራሽ እንዳዩት ነግረውናል፤ ካለው ታሪክ ያስታወሱት ግን ሦስት ሥዕል ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን በ1999 በአውሮፓ አቆጣጠር ከተዘጋ በኋላ የፊልም ሥራ በግለሰቦች እጅ፥ በቪዲዮ ካሜራ ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ የወጡት በብዙ የሚቈጠሩ የአማርኛ ቪዲዮ ፊልሞች ደግሞ ፈጽሞ የሚመረምራቸው ሳያገኙ ቀርተዋል። «ኮሜዲ ብቻ ነው፥ ፍቅር ብቻ ነው» ብሎ መናቅ ቀላል ነው። ሳይታይ የተናቀ ነገር ግን ሳይነበብ እንደ ተቀደደ ደብዳቤ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ ክርክር እንዳለ እናውቃለን። ባለፈው ወር አንድ የሕግ ተማሪ፥ «እናንተ የምታወድሱት ቪዲዮ ቤት የሌባ ቤት አልነበረም ወይ?» ብሎ ጠይቆናል። እውነት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሕግ ነው፤ የተገለበጠው ዲስክ የደከመውን ባለሙያ ዳቦ ነጥቋል። ብዙ ፊልም ሠሪዎች ቅጂው እንዳይሰረቅ በመፍራት ሥራቸውን ከአዲስ አበባ አዳራሽ ሳያወጡ ይዘው ቆይተዋል፤ በዚህም እንደ እንሴኖ ያሉ ከተሞች ተጎድተዋል። የሌባው ዕዳ ያልሰረቀውን ሰውም ያስከፍላል ማለት ነው። እኛ ሌብነቱን አንደግፍም። ዳሩ ግን ሕጋዊው ዲስክም ቢሆን በእንሴኖ ገበያ ላይ በመስታወት ሣጥን ተደርድሮ ይሸጥ ነበር፤ ሽፋኑ ላይ የአዘጋጁ፥ የካሜራ ባለሙያው፥ የተዋናዮቹ ስም ታትሞ ነበር። ዛሬ ያ ሽፋን ለብዙዎቹ ፊልሞች የቀረ ብቸኛ የጽሑፍ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

«ታዲያ ዛሬ ሁሉ ነገር በዩቲዩብ አለ» የሚለን ደግሞ አለ። ብዙው አለ። ነገር ግን ፊልሙ በዩቲዩብ ሲጫን መጀመሪያው ተቆርጦ ማስታወቂያ ይገባበታል፤ አንዳንዱ በአዲስ ስም ይወጣል፤ ዛሬ ያየነው ነገ ተነሥቶ እናገኘዋለን። ስሙ የተለወጠና ባለሙያዎቹ ያልተጻፉበት ፊልም ለተመራማሪ ምን ያኽል እንደሚያስቸግር የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ያውቁታል። (ይኽ በስቴንስል የሚባዛው ጋዜጣችን እንኳ በሠላሳኛው ቅጠል ላይ ቀለሙ ይደክማል፤ የጻፈው ሰው ስም ግን ከራስጌው አለ።)

የእንሴኖው ቪዲዮ ቤት ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል። ባለቤቱ ዛሬ በዚያው ክፍል የሞባይል ካርድና ቻርጀር ይሸጣሉ፤ ለጠየቃቸው ሰው ፊልም በሚሞሪ ይጭናሉ። በየካቲት ዕረፍት ሄደን ስለ ዲስኮቹ ስንጠይቃቸው ከቆጡ ላይ ሁለት ካርቶን አወረዱልን። ሦስተኛው ካርቶን የት እንደ ደረሰ ስንጠይቅ ሳቁና ወደ እርሻው አመለከቱን። ሄደን አየን፤ ዲስኮቹ በሲባጎ ታስረው በማሽላው መካከል ይወዛወዛሉ፥ በፀሐይ ያብለጨልጫሉ፤ ወፍ ያባርራሉ። አንዱን ይዘን ስናገላብጠው በእስክሪብቶ የተጻፈ ጽሑፍ ነበረበት፤ «ሲዲ 2» ይላል። በልጅነታችን ስንፈልገው የነበረው የየትኛው ፊልም ሁለተኛ ክፍል እንደ ሆነ ለማወቅ በዴክ ሞከርነው፤ ዝናቡ ልጦታልና አልሠራም።

በሁለቱ ካርቶን ውስጥ ያሉትን ቈጥረናል። አንድ መቶ ሰባ አራት ዲስክ ነው፤ ከእነዚህ ሙሉ ሆነው ሁለቱም ክፍላቸው የተገኙት ሃያ ሦስት የአማርኛ ፊልሞች ናቸው። ባለቤቱ፥ «ልጆቼ፥ ከክረምቱ በፊት ካልወሰዳችሁት ቆጡን ላፈርሰው ነው» ብለውናል። ዋጋ አልጠየቁንም፤ የጠየቁት የመኪና ኪራዩን እንድንችል ብቻ ነው።

ስለዚህ ለማኅበሩ የምናቀርበው ጥያቄ እንደሚከተለው ነው። በንባብ ክፍሉ ጥግ ያለው የተሰበረ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ተጠግኖ ለዲስኮቹ ይሰጥ። የተገለበጠው ከሕጋዊው ተለይቶ ይቀመጥ፤ ለሕዝብ ከማሳየታችን በፊትም ባለመብቱን ፈልገን በደብዳቤ እንጠይቅ፤ ይኽን የሕግ ተማሪው ወዳጃችን እንዲጽፍልን ከአሁኑ ለምነነዋል። በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ፊልም ታይቶ ሁለት ተማሪዎች ይጻፉበት፤ አንዱ የወደደው፥ ሌላው ያልወደደው ይሁን። በጽሑፉም ራስጌ ላይ ፊልሙ በምን ዓይነት ዲስክ እንደ ታየ፥ ስንት ደቂቃ እንደ ሆነ፥ የጐደለው ምን እንደ ሆነ ይጻፍ። ከሌላ ከተማ የመጣችሁም፥ ከወልቂጤም ከሆሳዕናም ከደሴም፥ በየሰፈራችሁ የተዘጋ ቪዲዮ ቤት እንዳለ አንጠራጠርም፤ ለፋሲካ ስትሄዱ ቆጡን ጠይቁ።

የመጀመሪያው ምሽት ለ«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እንዲሆን አስበን ነበር፤ ነገር ግን ከካርቶኑ በወጣው አንድ የአማርኛ ኮሜዲ መጀመር የተሻለ መስሎናል። ታላቁን ፊልም ሁሉ ሰው ያመሰግነዋል፤ የሒስ ችሎታችን የሚፈተነው ማንም ጽፎበት በማያውቀው ነው። የሚሠራ ዴክ ያለው ተማሪ እስከ ማክሰኞ ድረስ ለጸሐፊው ያስታውቅ፤ የእኛ ሁለተኛውን ዲስክ አይቀበልም።